የቀኙ ጀሪካን፦ ሱሉልታ ላይ የአንድ የወተት ሞተር የጭስ ቱቦ ተፈትቶ እንደገና የተጠቀለለበት ጉዳይ

ሱሉልታ ዙሪያ ወተት ከየቤቱ ለቅሞ ወደ መረከቢያ የሚያደርስ ሰው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ሞተር ላይ ነው። እዚህ የሚነገርለት ሞተር 150 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ በካርቡራተር የሚሠራ የቻይና ሥሪት ነው። አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ሞተር ሳይክልን በፈቃድ ስለገደበች የእንጦጦን ጀርባ ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ አይወርድም። ሥራው ሁሉ ሱሉልታና አካባቢዋ ነው፤ አብዛኛውም ኮረኮንች ላይ።

ከኋላ በግራና በቀኝ በፌሮ ብረት የተበየደ ማንጠልጠያ አለው። በየጎኑ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይቀመጣል፤ ሲሞላ እያንዳንዱ ከ20 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። የጭስ ቱቦው ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ፊት ወጥቶ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሞተሩ ሆድ ጋ ሲደርስ ታጥፎ በቀኝ በኩል በኪኩ (በእግር ማስነሻው) ሥር ያልፋል፣ ከዚያ ማርሚታው (የጭሱ ድምፅ ማፈኛ) ውስጥ ይገባል። ማርሚታው ከቀኙ ጀሪካን ጎን አራት ጣት እንኳ አይርቅም። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህች ክፍተት ላይ ነው።

ቅሬታው

ባለ ሞተሩ ይዞት የመጣው ቅሬታ ስለ ድምፅ ነበር። ዳገት ላይ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ ቁልቁለት ላይ ጋዝ ሲለቀቅ ደግሞ ማርሚታው ውስጥ ጧ፣ ጧ ይላል። ቱቦው ላይ የተጠቀለለው ጨርቅም ተበጣጥሶ እግሩን ያሳክከዋል። የወተቱን ነገር ያነሳው በጨዋታ መሃል ነው። መረከቢያ ላይ የምትሠራዋ ልጅ ትንሽ ወተትና እኩል አልኮል በመስታወት ቱቦ ቀላቅላ ትነቀንቃለች፤ ወተቱ ፍርፍር ካለ አይረከቡትም። "ጋሼ፣ ይሄኛው አልሆነም" ትለዋለች። በሳምንት አንዴ ሁለቴ። የትኛው ጀሪካን እንደሆነ ሲጠየቅ ትንሽ አሰበና "ሁልጊዜ የቀኙ ነው" አለ።

ቱቦው መጀመሪያ የተጠቀለለው ለእግር ተብሎ ነው። ኪኩን ሲረግጥ የቀኝ እግሩ ከቱቦው ጋር እየተነካካ ከቁርጭምጭሚት በላይ ሁለት ቦታ ተቃጥሎ ነበር። ባዶ ቱቦ እንዴት እንደሚለበልብ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ 70 ዲግሪ የደረሰ ብረት ቆዳን ለማቃጠል አንድ ሰከንድ ይበቃዋል፣ ከቴስታታው አጠገብ ያለው ቱቦ ደግሞ ከዚያ እጅግ የበለጠ ይግላል። (ለተቃጠለ እግር የሚጠቅመው 20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። የጥርስ ሳሙናም እንቁላልም ቅቤም ሙቀቱን ውስጥ ይዘው ከማስቀረት በቀር ፋይዳ የላቸውም።)

መጀመሪያ እንዴት ነበር የተጠቀለለው

ባለ ሞተሩ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ 5 ሴንቲ ስፋት፣ 10 ሜትር ርዝመት ያለው የፋይበር ግላስ መጠቅለያ ገዝቶ ግቢው ውስጥ ራሱ ጠቀለለው። ለዚህ ቱቦ 10 ሜትር በጣም ብዙ ነው። ስሌቱ ይህ ነው፦ የቱቦው የውጭ ስፋት 32 ሚሊ፣ ርዝመቱ ከቴስታታ እስከ ማርሚታ 60 ሴንቲ ገደማ ነው። ባለ 5 ሴንቲው ጨርቅ በ12 ሚሊ ሲደራረብ አንዱ ዙር ቱቦውን 38 ሚሊ ይሸፍናል፤ 60 ሴንቲው 16 ዙር ያህል ይወጣዋል። የጨርቁ ውፍረት ተጨምሮ አንዱ ዙር 11.5 ሴንቲ ገደማ ይበላል። ጫፍና ጫፍ ላይ አንዳንድ ዙር ቢደገም እንኳ ከ2 ሜትር ብዙም አያልፍም። 8 ሜትር ሲተርፈው "ከተረፈ አይቀር" ብሎ ሁለተኛ ድርብ ደረበበት፤ የቀረውን ደግሞ የማርሚታው ግማሽ ላይ አዞረው።

ስህተቶቹ እዚህ ይጀምራሉ፤ ሁሉም እኩል አይደሉም። በደረቁ መጠቅለሉና በአጥር ሽቦ ማሰሩ ትንንሾቹ ናቸው። ደረቅ ጨርቅ በደንብ አይጠብቅም፣ ሽቦውም ዝጎ በአንድ ክረምት ይበጠሳል። ከፊት ወደ ኋላ መጠቅለሉ ግን ቀላል አልነበረም። የሣር ክዳን የሚከድን ሰው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የሚሄደው ያለ ነገር አይደለም፤ የላይኛው ሣር የታችኛውን ጫፍ ካልሸፈነ ዝናቡ ወደ ቤት ይገባል። ቱቦም እንዲሁ ነው። ከማርሚታው በኩል ተጀምሮ ወደ ቴስታታው ከተኬደ የእያንዳንዱ ዙር ጠርዝ ወደ ኋላ ይመለከታል፣ የፊት ጎማ የሚረጨው ጭቃና ውሃ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ከፊት ከተጀመረ ጠርዙ ወደ ፊት ከፍቶ እንደ ኪስ ይቀበላል። የዚህ ሞተር ጥቅል ሁለት ክረምት ሙሉ የሱሉልታን ጭቃ ሲቀበል ከርሟል።

ትልቁ ስህተት ሁለቱ ድርቦች ናቸው። መጠቅለያ ሙቀትን አያጠፋም፤ ቱቦው ላይ እንዳይወጣ ይከለክለውና ከጭሱ ጋር ወደ ኋላ ይሰደዋል። ባዶ ቱቦ በ60 ሴንቲ መንገድ ላይ ለነፋስ ይሰጥ የነበረው ሙቀት አሁን ማርሚታው ድረስ ይዘልቃል። ማርሚታው ጎን ደግሞ የቀኙ ጀሪካን አለ። ቱቦው ከመጠቅለሉ በፊት ወተቱ የሚመለሰው አልፎ አልፎ ነበር፤ ከተጠቀለለ በኋላ ለምን እንደባሰ ነገሩ እዚህ ጋ ተገናኘ።

ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ወተት ማባከን አላስፈለገም። ሁለቱ ጀሪካኖች በአንድ የጉድጓድ ውሃ፣ በ16 ዲግሪ ተሞልተው የተለመደው የ40 ደቂቃ መንገድ ተሄደ። ሲደርሱ የግራው 16 ላይ ነው፤ የቀኙ 20። 20 ሊትር ውሃ በ40 ደቂቃ 4 ዲግሪ እንዲጨምር 140 ዋት ገደማ ያለማቋረጥ መግባት አለበት። ጎኑ ላይ ሁለት ትልልቅ አምፖል ከማብራት አይለይም።

አራት ዲግሪ ብቻውን ወተት አያረጋም የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። ጀሪካኑ ተከፍቶ በባትሪ ሲታይ ግን በማርሚታው በኩል ያለው ግድግዳ ለስልሶ ተጨማድዷል፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ እንደ አሮጌ ጫማ ቆዳ ተኮራምቷል። የጠርሙስ ብሩሽ ሽብሽቡ ውስጥ አይገባም። በጥፍር ሲፋቅ ቢጫ፣ የሚያዳልጥ፣ የኮመጠጠ ነገር ይወጣል። የትናንቱ ወተት ርዝራዥ እዚያ አድሮ የዛሬውን ሲያኮመጥጥ ኖሯል ማለት ነው፤ ከማርሚታው የሚመጣው ሙቀት ደግሞ ሥራውን ያፋጥንለታል።

መፍታት

የጭስ ቱቦ መፍታት ማታ ይጀመራል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ቴስታታው ላይ ያሉት ሁለት ራስ የሌላቸው ብሎኖችና ዳዶዎቻቸው በሽቦ ብሩሽ ተጠርገው ደብሊውዲ 40 ተረጨባቸው። እሱ ከሌለ ናፍጣ ላይ ጥቂት ቀጭን ዘይት ጠብ አድርጎ መጠቀም ይቻላል። ጠዋት ሞተሩ ለ2 ደቂቃ ተነስቶ ለብ ሲል ጠፋና ድጋሚ ተቀባ። ለብ ያለ ብረት ዘይቱን ወደ ጥርሱ ይስባል። የጋለ ብረት ላይ ናፍጣ ማፍሰስ ግን እሳት መጥራት ነው።

የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቀለ፣ የቤንዚን መዝጊያው ተዘጋ። ከኋላ ማርሚታውን የያዘው ብሎን በ14 ቁልፍ ሁለት ዙር ብቻ ላላ። ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ከወጣ የማርሚታው ክብደት በሙሉ ፊት ያሉት ሁለት ብሎኖች ላይ ይንጠለጠላል። ፊት ለፊት ባለ 6 ማዕዘን ሶኬት ቁልፍ እንጂ ባለ 12 ማዕዘን አይገባም፤ የዛገ ዳዶ በባለ 12ው ቶሎ ይድበለበላል። ዳዶ መጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው ይዞራል፣ "ክክ" ሲል ይላላል፤ ከዚያ ሩብ ዙር ወደ ኋላ፣ ግማሽ ሩብ ወደ ፊት፣ እንደገና ዘይት።

የግራው ዳዶ በ10 ደቂቃ ወጣ። የቀኙ ሩብ ዙር ከዞረ በኋላ እጅ ላይ እንደ ማስቲካ መለጠጥ ጀመረ። ይህ ስሜት መታወቅ አለበት፦ የሚዞረው ዳዶው ሳይሆን ብሎኑ ራሱ እየተጠመዘዘ ነው። እዚያ ላይ ቆሞ መቀባትና መጠበቅ ነው የሚያዋጣው። ባለ ሞተሩ ግን ወተት የሚወስድበት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ጨመር አደረገበትና ቀጨም ብሎ ተሰበረ። ከቴስታታው ውጭ 6 ሚሊ ያህል ቀረ።

የሚቆለፍ ፒንሳ ተሞከረ፤ አንሸራተተ። ፒንሳ ደጋግሞ ባንሸራተተ ቁጥር ጉቶው እየሾለ ለሚቀጥለው ዘዴ የማይመች ስለሚሆን ሁለት ጊዜ ሞክሮ መተው ይሻላል። የሰፈሩ በያጅ ተጠራ። ጉቶው ላይ ባለ 10 ሚሊ ዳዶ አጥልቆ በዳዶው ቀዳዳ በኩል ከውስጥ በየደው፣ ቅላቱ እስኪጠፋ ጠበቀ፣ ከዚያ በ17 ቁልፍ በዝግታ አዞረው። ወጣ። የረዳው ብየዳው የሰጠው ሙቀት ነው። አልሙኒየም ከብረት ይልቅ ስለሚሰፋ ዝገቱን ይለቀዋል። ብሎኑ ከቴስታታው እኩል ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ መሃሉ በፑንቶ ተመትቶ በ3፣ በ5፣ በመጨረሻም በ6.8 ሚሊ መሰርሰሪያ ተበስቶ በ8 ሚሊ ማስኪዮ (ጥርስ ማውጫ)፣ በ1.25፣ እንደገና ጥርስ ሊወጣለት ነበር። በእጅ ድሪል አልሙኒየም ላይ ቀጥ ብሎ መብሳት ከባድ ስለሆነ ያንን ሥራ ለሞደርኖ ቤት (የብረት ማሽን ላለው) መስጠት ነው።

ቱቦው ሲነሳ የድምፁ ምክንያት ታየ። ቴስታታው ውስጥ የተጨፈለቀ የመዳብ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ቀለበት) ነበረ፤ በካቻቢቴ ጫፍ ተፈልቅቆ ሲወጣ ከሥሩ ሌላ አሮጌ ብቅ አለ። አንዱ መካኒክ የድሮውን የቴስታታው አካል መስሎት ላዩ ላይ አዲስ ጭኖበት ነው። ሁለት ተደራርበው እኩል አይጨመቁም፤ በጎናቸው ጥቁር የጥላሸት ምላስ ወጥቷል። በዚያ ክፍተት አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ሱሉልታ ከባህር ጠለል 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያንሳል። ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ቱቦው ውስጥ በክፍተቱ ከገባው አየር ጋር ሲገናኝ ይቀጣጠላል። ጧ የሚለው እሱ ነው፤ ማርሚታውን የሚያግለውም በከፊል እሱ። ካንዴላው (እሳት መጫሪያው) ተፈትቶ ሲታይ ጥላሸት ለብሷል። የካርቡራተሩ መርፌ ክሊፕ ከሦስተኛው ጎድጓድ ወደ ሁለተኛው ከፍ ተደረገ፤ መርፌው ስለሚወርድ ቤንዚኑ ይቀንሳል። ከሳምንት በኋላ ካንዴላው ቡናማ ሆኗል።

ከጥቅሉ ሥር

አሮጌው ጨርቅ ከመነሳቱ በፊት በውሃ መራስ አለበት። ደረቁን ሲቀድዱት የመስታወት ብናኝ ይበንናል፤ ቆዳ ላይ ለቀናት ያሳክካል፣ ሳንባ ውስጥ መግባቱ ደግሞ ከማሳከክ የከፋ ነው። ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ ማስክ። ልብሱም ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብም።

ከሥሩ ክሮሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ መጣ። ሞተሩ ሆድ ጋ ያለው መታጠፊያ በመዶሻ ጭራ ሲነካ ቀሪው ቱቦ "ቲን" የሚለውን እሱ "ጠፍ" አለ። ሚስማር ሲገፋ ገባ። ውሃ የሚጠራቀምበት ዝቅተኛው ቦታ እሱ ነው። በላዩ ሁለት ድርብ ጨርቅ አለበት፤ ቀን ሲግል ማታ ሲረጥብ ከሁለት ክረምት በኋላ የአተር ፍሬ የሚያህል ቀዳዳ አበጅቷል። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ቱቦ ይህን ይችላል። ርካሽ ሞተሮች ላይ የሚገጠመው በስስ ክሮም የተሸፈነ ተራ ብረት ግን አይችልም። ማግኔት አጥብቆ ከሳበው ተራ ብረት ነው ብሎ ማሰብ ይበጃል።

9 ሴንቲው ተቆርጦ ወጣ። ምትኩ ተመሳሳይ 32 ሚሊ፣ ባለ 1.5 ሚሊ ውፍረት ጥቁር ቱቦ ነው። ብዙ ሰው ለዚህ የሚመርጠው የተረፈ የውሃ ቧንቧ ነው። የውሃ ቧንቧ ዚንክ የተቀባ ስለሆነ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ለአንድ ሌሊት ትኩሳት ይጥለዋል፤ ለጭስ ቱቦም አይሆንም። በያጁ በ2 ሚሊ ኤሌክትሮድ፣ ከ40 እስከ 50 አምፔር፣ መጀመሪያ ቱቦው ሞተሩ ላይ እንደተገጠመ አራት ቦታ ነጠብጣብ አደረገበትና አውርዶ ጨረሰው። በጠረጴዛ ላይ ተበይዶ የተገጠመ ቱቦ ሁልጊዜ በአንድ ጣት ይጣመማል፤ ጣመም ያለው ቱቦ ደግሞ በብሎን ጉልበት ሲስተካከል ጓርኒሲዮኑን ያፈሳል፣ ብሎኑንም ይሰብራል። አንዱ ጫፍ በጨርቅ ተደፍኖ ውሃ ተሞላና 5 ደቂቃ ታየ፤ አንዲት ላብ የመሰለች ቦታ ተገኝታ ተደገመች።

ከዚያ ቱቦው በሙሉ በ80 ከዚያም በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ በቲነር ተጠርጎ፣ እስከ 600 ዲግሪ የሚችል የብር ቀለም በ15 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ስስ እጅ ተረጨ። ወፍራም እጅ ሲግል ያብጣል። አድሮ ደረቀ።

እንደገና መጠቅለል

እዚህ ላይ ዋናው ውሳኔ ምን ያህል ይጠቅለል የሚለው ነበር። የመጀመሪያው ሐሳብ ሙሉውን መልሶ መጠቅለል ነበር፤ ቱቦው ካማረ ሁሉም ይህን ይመኛል። ነገር ግን ሙሉ ጥቅል ሙቀቱን መልሶ ወደ ማርሚታውና ወደ ጀሪካኑ ይልከዋል፣ ሆዱ ላይ ያለውን መታጠፊያም መልሶ ያበሰብሰዋል። እግር የሚነካው ኪኩ ሥር ያለው 28 ሴንቲ ብቻ ነው። የተጠቀለለውም እሱ ብቻ ሆነ። ፊት ያለው ቁልቁል ቱቦና መታጠፊያው ለነፋስ ባዶ ቀሩ።

ለዚህ የተገዛው ባለ 2.5 ሴንቲ ጨርቅ ነው፤ በጠባብ ቱቦ ላይ ከባለ 5 ሴንቲው ይልቅ ሳይሸበሸብ ይተኛል። በ7 ሚሊ ሲደራረብ አንዱ ዙር 18 ሚሊ ይሸፍናል፤ 28 ሴንቲው ከ15 እስከ 16 ዙር ይወጣዋል፣ አንዱ ዙር 11 ሴንቲ ገደማ። ከጫፎቹ ጋር 2 ሜትር ይበቃል፤ የተቆረጠው 2.5 ሜትር ነው።

ጨርቁ 20 ደቂቃ ባልዲ ውስጥ ተነክሮ እንዳይንጠባጠብ ብቻ ተጨመቀ። 7 ሚሊዋ በዓይን እንዳትገመት ጠርዙ ላይ በማርከር መስመር ተሰመረ፤ የሚቀጥለው ዙር ያችን መስመር እየሸፈነ ይሄዳል። ከማርሚታው መገናኛ 3 ሴንቲ ርቆ ተጀመረ፤ መጀመሪያ አንድ ሙሉ ዙር በራሱ ላይ፣ ላዩ ላይ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ማሰሪያ። ከዚያ አንዱ ሰው ቱቦውን ያዞራል፣ ሌላው ጨርቁን ወደ ራሱ ስቦ ይይዛል። የሚጎትተው ሰው ለአፍታ ካላላ የላላው ዙር ሲደርቅ ከሁሉም ይታወቃል፤ ስለዚህ ሦስት ዙር ወደ ኋላ ተፈትቶ መደገም አለበት። ይህ አንዴ ሆኗል። ትንሿ ጠመዝማዛ ላይ ከውስጥ በኩል ይበልጥ ይደራረባል፣ ከውጭ ይሳሳል፤ ከውጭ ከ5 ሚሊ ካነሰ ሙቀት ሲለጥጠው ይከፈታል። መጨረሻው ላይ ድጋሚ አንድ ሙሉ ዙርና ማሰሪያ፣ መሃል ላይ አንድ ተጨማሪ። የማሰሪያዎቹ ጅራት ተቆርጦ ወደ ውስጥ ታጠፈ፤ ስለት ሆኖ እግር ይቆርጣል።

መግጠሙ የመፍታቱ ግልባጭ ነው። አዲስ ጓርኒሲዮን፣ አንድ ብቻ፣ እንዳይወድቅ በጥቂት ግራሶ ተጣብቆ። ብሎኖቹ ላይ የመዳብ ቅባት። ሁለቱ የፊት ዳዶዎች በእጅ፣ የኋላው ብሎን በእጅ፣ ከዚያ የፊቶቹ እየተፈራረቁ ሩብ ሩብ ዙር እስከ 20 ኒውተን ሜትር። በመጨረሻ የኋላው። የኋላውን አስቀድሞ ያጠበቀ ሰው ፊቱን ጠምዝዞ ይዘጋል፤ ጓርኒሲዮኑ ከአንድ ጎን ብቻ ይጨመቃል። ቀዝቃዛ ሞተር ተነስቶ የሳሙና ውሃ በዙሪያው ተቀባ፤ አረፋ አልታየም።

ማርሚታው

ማርሚታ አይጠቀለልም። የሚያስፈልገው ጥላ ነው። 1 ሚሊ ላሜራ፣ 35 በ14 ሴንቲ፣ ማርሚታው ላይ በሁለት የቱቦ ክላምፕ ታሰረ። በላሜራውና በማርሚታው መካከል ሁለት ሁለት ዳዶ ተደርቦ 15 ሚሊ ክፍተት ተተወለት። ሥራውን የሚሠራው ያ ክፍተት ነው፤ ነፋስ በውስጡ ያልፋል። ክፍተት የሌለው ላሜራ ከማርሚታው እኩል ይግላል፤ ብዙ ሞተር ላይ የሚታየውም እሱ ነው። የቀኙ ማንጠልጠያ ተቆርጦ 8 ሴንቲ ወደ ውጭ ተበየደ፤ ሚዛኑ እንዳይዛባ የግራውም እኩል ወጣ። የተጨማደደው ጀሪካን ተጥሎ በሁለቱም በኩል አፈ ሰፊ የአልሙኒየም የወተት ዕቃ ገባ፤ እጅ እስከ ታች ይደርሳል፣ ሲታጠብ የሚሸሸግ ጥግ የለውም።

መጀመሪያ ሲግልና ከዚያ በኋላ

አዲስ ጨርቅ ሲግል ይጨሳል፤ ክሩን የያዘው ማጣበቂያ እየተቃጠለ ነው። የሚሸተው እንደ አረረ ሊጥ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ቆሞ ግማሽ ሰዓት ማስነሳት ቴስታታውን ያቃጥላል፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ደግሞ ጭሱ ይገድላል። ስለዚህ መንገድ ላይ 10 ደቂቃ በዝግታ ተነዳ፣ 20 ደቂቃ ቀዘቀዘ፣ ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ጭሱ ቆመ፤ ቀለሙም በዚያው በሰለ። ሲቀዘቅዝ ማሰሪያዎቹ በጥቂቱ ላልተው ነበር፤ ተሳቡ። የፊት ዳዶዎቹም አንድ ስምንተኛ ዙር ተቀበሉ፤ ይህን ሳያደርጉ የተዉት ጓርኒሲዮን በወሩ ያፈሳል።

የውሃው ሙከራ በዚያው መንገድ ተደገመ። 16 ዲግሪ የገባው ግራ 16፣ ቀኝ 17 ሆኖ ደረሰ። ላሜራው ላይ ጣት ተነክሮ የተንጠባጠበ ውሃ አልጮኸም፤ ተንሸራቶ ወርዶ ደረቀ። ባዶው ቁልቁል ቱቦ ላይ ግን እንደ ምጣድ ጭስስ አለ፤ እዚያ የሚደርስ እግር የለም።

አጠባበቁ ሁለት ነገር ነው። ላቫጆ ሲወሰድ የግፊት ውሃ ጨርቁ ላይ እንዳይረጭ መንገር፤ ከራሰም አድሮ ከመቆም ይልቅ 15 ደቂቃ መንዳት። ዘይት ሲቀየር ጨርቁ ላይ ካንጠባጠበ ደግሞ ማጠብ አይበቃም። ዘይት የጠጣ ጨርቅ የጋለ ቱቦ ላይ ይቀጣጠላል፤ ተቆርጦ መጣል አለበት። ለዚህ ሲባል ቱቦው ከመጠቅለሉ በፊት የቴስታታ ክዳኑ ዘይት እንደማያፈስ ታይቷል። በግንቦት መጨረሻ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ማሰሪያዎቹ ይታያሉ፤ መስከረም ላይ ጨርቁ ተፈትቶ ቱቦው በመዶሻ ጭራ ይነካል። በተከታዩ መስከረም ሲነካ ኪኩ ሥር ያለው "ቲን" ብሏል። መሃለኛው ማሰሪያ ሥር ግን ቀለሙ ተልጦ የቡና ፍሬ የሚያህል የዝገት ነጥብ ተገኘ፤ ማሰሪያው ጨርቁን ጨምቆ ውሃውን እዚያ አስቀምጦታል። ተፍቆ ተቀባ፤ ከዚያ እንደገና ሲጠቀለል መሃል ላይ ማሰሪያ አልተደረገም።